የዝርያ ስርጭት ትንበያ

የዝርያ ስርጭት ትንበያ አንድ እንስሳ ወይም ዕፅ በተፈጥሮው የት የት ሊኖር እንደሚችል፣ ከተገኘባቸው ጥቂት ቦታዎች በመነሣት በስሌት የሚገመትበት ዘዴ ነው። ዝርያው የታየባቸው ነጥቦች ከሙቀት፣ ከዝናብ፣ ከከፍታና ከአፈር መረጃ ጋር ይገናኛሉ። ኮምፒዩተሩ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ይፈልግና ማንም ሄዶ ያላያቸውን ቦታዎች ጨምሮ ለእያንዳንዱ የካርታ ክፍል ቦታው ለዝርያው ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳይ ቁጥር ይሰጣል። ውጤቱ የተስማሚነት ካርታ ይባላል።

ዘዴው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ብዙ ላልተጠኑ ዝርያዎች ነው። ከባሕር ወለል ወጥቶ በሙዚየም ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ያሉት ሸርጣን ይሁን ወይም በተከዜ ገደላ ገደሎች የሚበቅል የዕጣን ዛፍ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ያልተመዘገበበት ቦታ ዝርያው የሌለበት ነው ወይስ ያልተፈለገበት? ትንበያው ፍለጋው የት ቢደረግ እንደሚሻል ያመለክታል፤ ዝርያው በቦታው መኖሩን የሚያረጋግጠው ግን የመስክ ጉብኝት ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፅንሰ ሐሳብ

የዘዴው መሠረት የዝርያ የኑሮ ወሰን የሚባለው ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ጆሴፍ ግሪኔል በ1917 ስለ አንዲት የካሊፎርኒያ ወፍ በጻፈው ጽሑፍ፣ ወፏ የምትገኝበትን ክልል የአየር ጠባይና የዕፅዋት ሽፋን እንደሚወስኑት አስረዳ። በ1957 ጆርጅ ኤቭሊን ሃቺንሰን ሐሳቡን በሒሳብ ቋንቋ አስቀመጠው፦ ሙቀት፣ እርጥበትና ሌሎችም ሁኔታዎች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ መለኪያ ዘንግ ቢታሰቡ፣ ዝርያው ሊኖርባቸው የሚችሉት እሴቶች ሁሉ በእነዚህ ዘንጎች መካከል አንድ ስፍራ ይሠራሉ።

ሃቺንሰን ሁለት ነገሮችን ለየ። የመጀመሪያው መሠረታዊ የኑሮ ወሰን ሲሆን ዝርያው ምንም ባያግደው ሊኖርባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ ያጠቃልላል። ሁለተኛው እውናዊ የኑሮ ወሰን ሲሆን ተፎካካሪዎች፣ ጠላቶችና በሽታዎች ካጠበቡት በኋላ የሚቀረው ነው። በዚህ መሠረት አንድ ዝርያ በአንድ ቦታ እንዲገኝ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦

1. የአየር ጠባዩና የመሬቱ ሁኔታ ሊስማማው ይገባል።
2. አብረውት የሚኖሩ ሕያዋን የሚያኖሩት እንጂ የሚያጠፉት መሆን የለባቸውም።
3. ዝርያው ወደ ቦታው የሚደርስበት መንገድ ሊኖር ይገባል።

አብዛኛዎቹ ሞዴሎች በቀጥታ የሚለኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለዚህም ነው አንድ ካርታ «ተስማሚ» ብሎ ያሳየው ቦታ ባዶ ሆኖ ሊገኝ የሚችለው።

ታሪክ

በ1980ዎቹ በአውስትራሊያ የተሠራው ባዮክሊም የተባለው ፕሮግራም ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ዝርያው ከተገኘባቸው ቦታዎች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀትና ዝናብ ይወስድና በእነዚህ ወሰኖች መካከል ያለውን መሬት ሁሉ ይመርጣል።

ከ2000 በኋላ ሦስት ነገሮች ዘዴውን አስፋፉት። በ2001 የተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ተቋም የሙዚየሞችንና የሄርባሪየሞችን መዛግብት በአንድ የመረጃ ቋት በነፃ ማቅረብ ጀመረ። በ2005 ወርልድክሊም የተባለው የአየር ጠባይ መረጃ ታተመ፤ ይህ መረጃ የምድርን የብስ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የሙቀትና የዝናብ ግምት ይሰጣል። በ2006 ደግሞ ስቲቨን ፊሊፕስ፣ ሮበርት አንደርሰንና ሮበርት ሻፒር ማክስኤንት የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረጉ።

በዚያው ዘመን ትንበያው ለአሰሳ እንደሚረዳ ጎልቶ የታየው በማዳጋስካር ነው። ተመራማሪዎች የእስስት ዝርያዎችን ስርጭት ሲተነብዩ፣ ሞዴሉ ተስማሚ ያላቸው ነገር ግን የታወቁት ዝርያዎች ያልተመዘገቡባቸው ቦታዎች ነበሩ። ወደ እነዚያ አካባቢዎች በተደረገ ፍለጋ ሰባት ለሳይንስ አዲስ የሆኑ የእስስት ዝርያዎች ተገኙ። ውጤቱ በ2003 ታተመ። ሞዴሉ የታወቀው ዝርያ ይኖርበታል ያለው ቦታ የቅርብ ዘመዶቹ ይኖሩበት ነበር።

መረጃው

ትንበያ ሁለት ዓይነት መረጃ ይፈልጋል፦ ዝርያው የተገኘባቸውን ነጥቦችና የአካባቢ ካርታዎችን።

ነጥቦቹ ከመስክ ጥናት፣ ከሙዚየም ናሙናና ከተጓዦች ማስታወሻ ይሰበሰባሉ። ለኢትዮጵያ ዕፅዋት ዋናው ምንጭ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ከእርሱ የቆዩ ናሙናዎች ደግሞ በአውሮፓ ይገኛሉ፤ ለምሳሌ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ከ1830ዎቹ ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ በአብዛኛው በሰሜን ኢትዮጵያ ኖሮ ብዙ ናሙና ልኳል።

በቆየ ናሙና ላይ የቦታ ስም እንጂ የጂፒኤስ ቁጥር የለም። ስሙን ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ መለወጥ ብዙ ስሕተት የሚገባበት ሥራ ነው። የዋግ ኽምራ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፦

• አንድ ስም፣ ሁለት ቦታ። «አበርገሌ» የሚባል አካባቢ በዋግ ኽምራም በአጎራባች ትግራይም አለ። ሁለቱም የዕጣን ዛፍ የሚበቅልባቸው በመሆናቸው በስሙ ብቻ መለየት አይቻልም።
• የአጻጻፍ ልዩነት። ሰቆጣ በውጭ መዛግብት «ሶኮታ» ወይም «ሶቆታ» ተብላ ልትገኝ ትችላለች፤ በፊደል የሚፈልግ ፕሮግራም እነዚህን እንደ ተለያዩ ቦታዎች ይቆጥራል።
• የወረዳ አከላለል ለውጥ። የፃግብጂ ወረዳ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ራሱን ችሎ አልተዘረዘረም። ስለዚህ ከዚያ በፊት በአካባቢው የተሰበሰበ ናሙና በሌላ ወረዳ ስም ይገኛል።
• የዘመን አቆጣጠር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን እንደ አውሮፓውያን ተደርጎ ወደ ቋቱ ከገባ ናሙናው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሸሻል።
• የተጠጋጋ ቁጥር። ኬክሮስ በአንድ አሐዝ ሲሳሳት፣ ማለትም በ0.1 ዲግሪ፣ በመሬት ላይ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በሜዳማ አገር ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ በዋግ ግን ከደጋ ወደ ቆላ ለመውረድ ይበቃል።

የአካባቢ ካርታዎቹም የራሳቸው ችግር አላቸው። በኢትዮጵያ ደጋዎች በከፍታ 100 ሜትር በተወጣ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ሜትር ጎን ባለው አራት ማዕዘን ውስጥ ገደሉ 500 ሜትር የሚወርድ ከሆነ በጫፉና በግርጌው መካከል የ3 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። መረጃው ግን ለሁለቱም አንድ አማካይ ቁጥር ይሰጣል። በተጨማሪም እነዚህ ካርታዎች በአየር ጠባይ ጣቢያዎች መካከል ያለውን ክፍተት በስሌት የሚሞሉ ስለሆኑ፣ ጣቢያ በሚያንስበት አካባቢ አስተማማኝነታቸው ይቀንሳል።

አሠራር

የተለመደው ሂደት የሚከተለው ነው።

ማጽዳት፦ የተደጋገሙ ነጥቦች ይወገዳሉ። ባሕር ውስጥ የወደቀ የየብስ ዛፍ ወይም ተራራ ላይ የወደቀ የባሕር ሸርጣን ካለ የቁጥር ስሕተት ነው።

የመነሻ ነጥቦች ምርጫ፦ ዝርያው የሌለበት ቦታ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ፣ ሞዴሉ የአካባቢውን አጠቃላይ ሁኔታ እንዲያውቅ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች በዘፈቀደ ይወሰዳሉ።

ማሠልጠን፦ ማክስኤንት ዝርያው በተገኘባቸው ነጥቦች ያለውን የሙቀትና የዝናብ አማካይ ያሰላል። ከዚያም ከእነዚህ አማካዮች ጋር የሚስማሙትን የስርጭት ዓይነቶች ሁሉ አወዳድሮ እጅግ የተስፋፋውን፣ ማለትም መረጃው ከሚለው በላይ ምንም ግምት የማይጨምረውን ይመርጣል።

መፈተሽ፦ ከነጥቦቹ ጥቂቱ ከመጀመሪያው ተለይተው ይቀመጣሉ። ሞዴሉ ሳያያቸው ትክክል ከተነበያቸው ጥሩ ተማረ ይባላል። ነጥቦቹ በጣም ጥቂት ሲሆኑ በየተራ አንድ ነጥብ እየተተወ በቀሩት ይሠለጥናል፤ የተተወውን ያገኘው እንደሆነም ይታያል። በ2007 የታተመ የማዳጋስካር እንሽላሊቶች ጥናት በዚህ መንገድ 5 ነጥብ ብቻ ላለው ዝርያም ጠቃሚ ውጤት ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ግን እንዲህ ያለው ካርታ የስርጭት ወሰን ተደርጎ ሳይሆን ተመሳሳይ ሁኔታ ያለበትን አካባቢ እንደሚጠቁም ተደርጎ እንዲነበብ አሳስበዋል።

መስክ መውጣት፦ ካርታው ከፍተኛ ቁጥር የሰጣቸው ነገር ግን ያልተጎበኙ ቦታዎች ይመረጡና ይታያሉ። ዝርያው ቢገኝም ባይገኝም ውጤቱ ተመዝግቦ ሞዴሉ እንደገና ይሠለጥናል።

ምሳሌዎች ከኢትዮጵያ

የዕጣን ዛፍ

በዋግ ኽምራ ቆላማ ክፍሎች የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው፤ «ፓፒሪፌራ» ማለት «ወረቀት ተሸካሚ» ሲሆን እንደ ወረቀት የሚላጠውን ቅርፊቱን ያመለክታል። ዛፉ በምዕራብ ከናይጄሪያ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚዘረጋው ደረቅ ምድር ይገኛል። በኢትዮጵያ ዋና መገኛዎቹ የትግራይ፣ የአማራና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላዎች ናቸው። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ በደጋ ላይ ያለች በመሆኗ ከዛፉ ወሰን ውጭ ናት፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ግን የሚስማማው ሙቀትና ድርቀት ይገኛል።

ከዋግ በስተሰሜን በኤርትራ የተደረገና በ2006 የታተመ ጥናት ዛፉ ከ800 እስከ 1,850 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ እንደሚገኝና በአብዛኛው ገደላማና ድንጋያማ በሆነ ስስ አፈር ላይ እንደሚቆም አመለከተ። ይህ ግኝት በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። ዛፉ ገደልን ይመርጣል ማለት ይቻላል። ወይም ደግሞ ለጥ ያለው መሬት ታርሶ ዛፉ ሞፈር በማይደርስበት ቦታ ብቻ ተርፏል ማለት ይቻላል። ጥናቱ የመሬት አጠቃቀምን ጫና ከስርጭቱ ወሳኞች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ሞዴል ግን ሁለቱን አይለይም፤ ነጥቦቹ ሁሉ ገደል ላይ ከሆኑ «ገደል ይስማማዋል» ብሎ ይማራል። ዛፉን መልሶ ለመትከል የሚያስብ ሰው ይህን ካርታ ብቻ ቢከተል ከሁሉ የተሻለውን መሬት ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በ2019 የታተመ ጥናት በዛፉ የስርጭት ክልል ያሉ 23 የዛፍ ስብስቦችንና 21,786 ዛፎችን ቆጠረ። ከ75 በመቶ በላይ በሆኑት ስብስቦች ትናንሽ ዛፎች አልነበሩም። የእድገት ቀለበታቸው የተቆጠረላቸው ዛፎች ደግሞ ተፈጥሯዊ መተካካት ለአሥርት ዓመታት መቋረጡን አሳዩ። ጥናቱ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገመተ። ምክንያቶቹ ከብቶች ችግኙን መብላታቸውና መርገጣቸው፣ ሰደድ እሳት፣ ግንድ የሚበሉ ነፍሳትና ዕጣን ለማውጣት ዛፉ ያለ ዕረፍት መድማቱ ናቸው። ብዙ የሚደማ ዛፍ የሚያፈራው ፍሬ አነስተኛ ሲሆን የመብቀል አቅሙም ደካማ ነው።

በስርጭት ሞዴል ውስጥ እያንዳንዱ ሽማግሌ ዛፍ «ተገኝቷል» የሚል አንድ ነጥብ ነው። ከሥሩ ችግኝ ይኑር አይኑር አይጠየቅም። ስለዚህ ካርታው በሙሉ አረንጓዴ የሚያሳየው ሸለቆ ከብዙ ዓመታት በፊት የበቀሉ፣ ተተኪ የሌላቸው ዛፎች ያሉበት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ለአቅመ ዕጣን የደረሰ ዛፍ የሚመሰክረው ችግኝ በነበረበት ዘመን ስለነበረው ሁኔታ ነው። ለዕጣን ለቃሚው ቤተሰብ ኑሮ ወሳኙ ጥያቄም ዛፉ የት አለ የሚለው ብቻ ሳይሆን የት እየተተካ ነው የሚለው ጭምር ነው። ለዚህም በመስክ ችግኝ መቁጠር ያስፈልጋል።

የመሬት ለውጥም መታሰብ አለበት። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2009 ሥራ ሲጀምር የሸለቆው ግርጌ ሐይቅ ሆኗል። ከዚያ በፊት ከወንዙ ዳር የተመዘገበ ነጥብ ዛሬ ውሃ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል።

የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራ

በሳይንሳዊ ስሙ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬዝማኒ የሚባለው ይህ ወፍ በ1938 በጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ የተሰየመ ሲሆን በዓለም ላይ የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ በያቤሎ፣ በመጋና በአሬሮ አካባቢ ብቻ ነው። ከክልሉ ውጭ ያለው ቁጥቋጦ ከውስጡ የማይለይ መስሎ ስለሚታይ ወፉ ለምን ወሰኑን እንደማያልፍ ለብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። በ2012 የታተመ የስርጭት ሞዴል ምላሹን በአየር ጠባይ ውስጥ አገኘ፦ ወፉ የሚኖረው አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ፣ ዙሪያውን ሞቃት መሬት በከበበው ቀዝቃዛ ደሴት መሰል ስፍራ ነው።

ተመራማሪዎቹ በካርታው ብቻ አልረኩም። በ2019 በታተመ የመስክ ጥናት የወፉ ባሕርይ በአካባቢው ከሚኖሩ ሌሎች ወፎች ጋር ሲነጻጸር፣ ቁራው እነርሱ ገና ምንም ሳይሆኑ አፉን ከፍቶ እንደሚያለከልክ ታየ። ይህም ሞዴሉ ያገኘው የሙቀት ወሰን ከወፉ ሰውነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ደገፈ። በ2021 የታተመ ቀጣይ ጥናት፣ ምድር እየሞቀች ከሄደች በ2070 ለወፉ ከሚስማማው ክልል እስከ 90 በመቶ ሊጠፋ እንደሚችል ተነበየ።

ቡና

በ2012 ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ የተሳተፉበት ጥናት የአረቢካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልባቸውን ቦታዎች ተነበየ። በ2080 ለዱር ቡና ከሚስማሙት ቦታዎች በተሻለው ሁኔታ 65 በመቶው፣ በከፋው ደግሞ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ተስማሚነታቸውን እንደሚያጡ ገመተ። በ2017 የታተመው ቀጣይ ጥናት የቡና እርሻን በተመለከተ፣ አሁን ቡና ከሚመረትበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። እርሻው ወደ ከፍተኛ ቦታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅና ቢስፋፋ ግን ተስማሚው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ጨምሮ ገለጸ። የሁለቱ አሐዞች ልዩነት በአብዛኛው የመጣው ከተጠየቀው ጥያቄ ነው፦ የዱር ዛፍ በራሱ ተራራ አይወጣም፤ ገበሬ ግን ችግኝ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የባሕር ዝርያዎች

ለባሕር እንስሳት መርሁ አንድ ሆኖ መለኪያዎቹ ይለወጣሉ። በዝናብና በአፈር ፈንታ የውሃ ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ጥልቀትና የወለሉ ዓይነት ይገባሉ። የላይኛው ውሃ ሙቀት ከሳተላይት ሊለካ ይችላል፤ የወለሉ ግን አይለካም። ስለዚህ በጥልቅ የሚኖር ሸርጣን በላይኛው ውሃ መረጃ ቢተነበይ ውጤቱ ያሳስታል።

የአብዛኞቹ የባሕር ሸርጣኖች እጭ ለሳምንታት በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ የስርጭታቸውን ዳርቻ ሙቀት ብቻ ሳይሆን የባሕር ሞገድ አቅጣጫም ይወስነዋል። የአውሮፓ አረንጓዴ ሸርጣን ተፈጥሯዊ ክልሉ የአውሮፓና የሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ነው፤ በ1817 ግን በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በ1989 ደግሞ በካሊፎርኒያ ተመዘገበ። እነዚህ ዳርቻዎች ቀድሞም ይስማሙት ነበር፤ ያልነበረው መድረሻ መንገድ ነው፤ ያንንም መርከቦች ሰጡት።

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም በወንዞቿና በሐይቆቿ ፖታሞናውቴስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ሸርጣኖች አሉ። እነዚህ የሚንሳፈፍ እጭ የላቸውም፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሽ ሸርጣን ነው። ስለዚህ ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላ መሻገር ያስቸግራቸዋል። የእነርሱን ስርጭት የሚተነብይ ሰው ከአየር ጠባይ ካርታ ጋር የተፋሰስ ካርታ መጠቀም ይኖርበታል።

ውስንነቶች

ትልቁ ችግር የነጥቦቹ አሰባሰብ ነው። ሰብሳቢዎች መንገድን፣ ከተማንና ሰላም ያለበትን አካባቢ ስለሚከተሉ ነጥቦች በመንገድ ዳር ይበዛሉ። ሞዴሉ ይህን ካላወቀ መንገድ የሚያልፍበትን የአየር ጠባይ ዝርያው የሚወደው አድርጎ ይማራል። መፍትሔው በቅርብ ለቅርብ ያሉ ነጥቦችን ማሳሳትና የማነጻጸሪያ ነጥቦችን በተመሳሳይ አካባቢ መምረጥ ነው።

የፈተና ውጤት ከፍተኛ መሆንም በራሱ ዋስትና አይሆንም። የሥልጠናውና የፈተናው ነጥቦች ከአንድ መንገድ ዳር ከተሰበሰቡ ሞዴሉ ፈተናውን ያልፋል፤ ነገር ግን ከመንገዱ ሲርቅ ይሳሳታል። ለወደፊቱ የሚደረግ ትንበያ ደግሞ ሞዴሉ ፈጽሞ አይቶት የማያውቀውን ሙቀት ሊያጋጥመው ይችላል።

የተስማሚነት ቁጥርም ብዛትን አያመለክትም። 0.8 የተሰጠው ቦታ 0.4 ከተሰጠው ይልቅ ዝርያው ከተመዘገበባቸው ቦታዎች ጋር ይመሳሰላል ማለት እንጂ እጥፍ እንስሳ አለበት ማለት አይደለም።

ጥቅም

በእነዚህ ውስንነቶች ውስጥ ሆኖ ዘዴው ለብዙ ሥራ ይውላል። ጥቂት ገንዘብና ጊዜ ያለው የመስክ ቡድን የት እንደሚጀምር ይጠቁማል፤ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸውን ቦታዎች ለመምረጥ ይረዳል፤ መጤ አረምና ተባይ ወዴት ሊስፋፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሶፍትዌሮቹና አብዛኛዎቹ መረጃዎች በነፃ ስለሚገኙ ለተማሪዎችም ክፍት ነው። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ከመስክ የሚመጣው ነጥብ ነው። ካልተጎበኘ ሸለቆ በትክክል የተመዘገበ አንድ ነጥብ፣ ዝርያው ተፈልጎ አልተገኘም የሚል ማስታወሻም ቢሆን፣ ከመንገድ ዳር ከሚደጋገሙ ብዙ ነጥቦች ይልቅ ለሞዴሉ አዲስ ነገር ያስተምረዋል።